ሆን ብዬ ያጣመምኩት መነጽር

ይህን ለእናቴም ለጓደኞቼም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌማ ጭራሽ! እናንተ ግን ስሙኝ፤ ከፈለጋችሁም ፍረዱብኝ።

በደርግ ዘመን አቃቂ በሰቃ በአንዲት ትንሽ የመነጽር ሥራ ቤት ሌንስ እሞርድ ነበር። መስታወቱ የሚታሽበትን የብረት ቅርጽ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ አወጣለሁ፤ መስታወቱን እሱ ላይ በደቃቅ አሸዋና በውሃ እያሸሁ እሠራዋለሁ። እጄ አይስትም ነበር፤ ይህን ስል አላፍርም። ሰይድ የመጣው ያኔ ነው። የወሎ ልጅ፣ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሠራተኛ፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ። ዓይኑ መስመር ያጣምምበታል። ለእሱ የሚሠራው ሌንስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጎበጥ ማለት አለበት፤ አቅጣጫው ትንሽ ከሳተ ቀጥ ያለው ነገር ሁሉ ያዘነብልበታል።

እኔ አሳትኩት። አውቄ አሳትኩት! ልክ ከሆነለትማ በዚያው ይቀር የለ?

እንደተመኘሁትም ተመልሶ መጣ። "እህቴ፣ የስልክ እንጨቱ ሁሉ ጎንበስ እያለ እጅ ይነሳኛል" አለኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እንደገና ሞረድኩ፤ እንደገና አጣመምኩ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለኝ? ደስ ያለው ልብ ነዋ፣ ሌላ ምን ልበላችሁ!

ከዚያ ሰይድ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ዩኒፎርም ሰፋ። ኮሌታው ሁሉ አጋደለ። በቀበሌው ስብሰባ ካድሬው ተነሳና "ጓድ ሰይድ፣ ይሄ አሻጥር ነው!" አለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል እስር ቤት ያስገባል። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ፈራሁ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ "ሠሪዋ ጎበዝ ናት፤ አስቸጋሪው የእኔ ዓይን ነው" አለ። እኔን ሲያሞግስ እየሰማሁ ዝም አልኩ! እስከ በዓሉ እንዲያስተካክል ዕድል ሰጡት።

በማግስቱ ልክ የሆነውን ሌንስ ሠራሁለት። ኮሌታውን ሁሉ ፈትቶ ዳግም ሰፋው፤ ካድሬውም ለብሶት ደረቱን ነፍቶ ተሰለፈ። ሰይድ በምስጋና ብቻ አልቀረም፤ ሽማግሌ ላከ።

ዛሬም ልጆቻችንን ሰብስቦ "ዓይኔን ያቀናችልኝ እናታችሁ ናት" ይላል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ሰይድ፣ ይህን በሠራሁልህ መነጽር እያነበብከው ነው። በዚያ ስብሰባ ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ፤ ሰበብ የለኝም። ስለ ሌንሱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም በዚያ በር ብትገባ አጣምመዋለሁ።