ሳያርግ የቆየ ዱዓ

ሐይቅ ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። ከሳውዲ ከተመለስኩ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያሉት ሸኼ ዘንድ ሄጄ ዱዓ ሳላስደርግ ሥራ አልጀምርም። እኛ ዘንድ ሙሪድ፣ የሸኽ ተከታይ የሆነ ሰው ሸኹ ዱዓውን እስኪያሳርጉ እጁን አያወርድም፣ ሳያሰናብቱትም አይነሳም። በሌላው ነገር ችኩልና ቁጡ ነኝ፤ በዚህ ግን ቀልድ አላውቅም።

ባለፈው ጁምዓ እጃቸውን ዘርግተው ለመንገዴ፣ ለልጆቼ፣ ለዝናቡ ለመኑልኝ። እኔም አሚን፣ አሚን እላለሁ። ከዚያ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄዶ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንደዘረጉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ውጭ ባጃጁ ውስጥ ከዱዓው በኋላ ገበያ ላደርሳት ይዣት የመጣሁት ጎረቤቴ ገበያው ረፈደብኝ እያለች ትጣራለች። ክንዴ ዛለ። ቢሆንም እሳቸው እያንኮራፉ እኔ ቀስ እያልኩ አሚን ማለቴን አልተውኩም።

ሲነቁ አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ እስካሁን አልሄድክም?"

"ሸኽዬ፣ አላሳረጉማ።"

ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እኔ ተኝቼ አንተ የማንን ዱዓ ነው አሚን ስትል የቆየኸው? በል የቀረውን አንተ ጨርሰው፣ እኔ አሚን ልበል።"

እሳቸው ፊት ዱዓ አድርጌ አላውቅም። የማውቀው ሁሉ ጠፋብኝ። "ያ አላህ፣ ለኚህ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ስጥልኝ" አልኩ።

"አሚን" አሉና ጠበቁኝ። እኔ እስካሳርግ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም።