በካርታው ወዲህ፣ በወንዙ ማዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ሁሉ ስዘረዝር ይህቺን ዘልያት ነው የኖርኩት። አንተ አንባቢ ግን ስገድም፣ ጹምም አትለኝ፤ ስለዚህ ደፈርኩህ።

በስልሳ ስድስት፣ በዚያ ክፉ ቀን፣ ቆቦ ላይ የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ። እህል ሊያከፋፍል ከደሴ የመጣ ሹም ፊት የወረዳውን ካርታ ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። ፊደሉ ሁሉ በአናቱ ቆሟል፤ እኔ፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ በከራባቴ ጫፍ አቧራውን እጠርጋለሁ!

«ጎበዝ፣ ዋጃን ወልድያ አወረድካት?» አለኝ ሹሙ።

በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሳቀ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አባ ይማም ነበሩ፤ ከወንዙ ዳር ካለች መንደር ስለ ጎረቤቶቻቸው እህል ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌ። በባዶ ሆድ እንዴት እንዲያ ይሳቃል?

ካርታውን አቃንቼ ሰቀልኩ። ሹሙ የአባ ይማምን መንደር ጠቅሶ «የእናንተ ናት?» አለኝ።

የወረዳችን ወሰን ወንዙ ነው። ካርታው ከተሠራ በኋላ ግን ጎርፍ መጥቶ ወንዙን ከቦታው አንስቶታል፤ የራያ ሜዳ ወንዝ እንዲህ ነው፣ ባሻው ይሄዳል። መንደሯ በካርታው ወዲህ፣ በመሬቱ ከወንዙ ማዶ ሆነች። ግብር ሲሆን በካርታው ነበር የምንሄደው። ካርታውን ዘርግቼ «የኛ ናችሁ» ብዬ ያስከፈልኳቸው እኔ ነኝ።

«ከወንዙ ማዶ ናቸው» አልኩ። «የኛ አይደሉም።»

ውሸት ነው? ሄደህ እይ፣ ወንዙ እዚያው ነው። እኔ በእውነት ነው የዋሸሁት። ስለ ሳቁ ነበር? ወይስ ሹሙ ፊት አዋቂ ለመምሰል? ምንም ይሁን፣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

የአባ ይማም ሳቅ ቀጥ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ለግብር ጊዜ ወንዙን ዘለህ መጣህ፤ ለእህል ጊዜ ሞላብህ?»

ወንዙ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሚቀጥለውን ጠራሁ። እህሉ ለሮቢትና ለጎብዬ ተጫነ። እነ አባ ይማም ባዶ ስልቻቸውን አጥፈው ወጡ። የማዶው ወረዳ ደግሞ «በካርታ የኛ አይደላችሁም» ብሎ እንደመለሳቸው በኋላ ሰማሁ። አባ ይማም ዋጃ መንገድ ላይ ቀሩ።

ዝናብ ሲመለስ ወደ መንደሯ ሄድኩ። ጥፋቴን ልናገር ነበር፣ እመብርሃንን! የአባ ይማም ባለቤት ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

«መንገደኛ ነህ፣ ፀሐዩ ክፉ ነው» ብለው ቅል ሙሉ ውሃ ሰጡኝ። «ቅሉን ስትመለስ ታመጣልኛለህ፣ አደራ። ሌላ የለኝም።»

«እሺ፣ እናቴ» አልኩ። ቅሉን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። ወንዙንም ዳግም አልተሻገርኩም።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። ሰበብም አላቀርብም። የሴትዮዋ ቅል ግን እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።