አባቴ ያለው፣ እኔ የተረጎምኩት

ድሬዳዋ ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ የታሪክ ልቦለድ የምትጽፍ አንዲት ስዊድናዊት ደራሲ መጣች። አዲሱ መጽሐፏ ስለ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ስለነበር፣ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ከሆነው አባቴ ጋር አገናኘኋት።

ስለ መጨረሻው የሥራ ቀኑ ስትጠይቀው፣ "የባቡር ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ" አላት። እኔ ግን አባቴ አለቀስኩ ማለቱን አፍሬበት፣ "ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ ይላል" ብዬ ተረጎምኩ።

ሴትዮዋ በዘመኑ የነበረውን የፋኖስ ዓይነት እንኳ ሳታጣራ አትጽፍም። ከሄደች በኋላ፣ በእኔ ውሸት መጽሐፏን አበላሸሁባት እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመውን መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። በባጃጅ ወደ ቤታችን ስንሄድ ቀፊራ ገበያ ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ያኔ አላስችል አለኝና፣ "ያን ቀን አባቴ አልቅሻለሁ ነበር ያለው፤ እኔ ነኝ የለወጥኩት" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "አንተ ስትተረጉም እሱ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። የጻፍኩት ያየሁትን ነው።"

ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳልኝ ያህል ቀለለኝ። ቤት ደርሰን ልቅሶው የተጻፈበትን ገጽ አንድም ቃል ሳልዘል ለአባቴ ተረጎምኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ "አብረውኝ የሠሩት ጓደኞቼስ መጽሐፉ ውስጥ አሉበት?" ብሎ ጠየቀ።