አሥር ሺህ ሰባት

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ የበቆሎ እሸት ሲጠበስ በሸተተኝ ቁጥር፣ ቡሬ ወለጋ መገንጠያው አጠገብ ከእህቴ ከውዴ ጋር እሸት እየጠበስን የሸጥንበት ክረምት ይመጣብኛል። ውዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ቁጥር የምትወድ ልጅ ነበረች። ገዢ ሲጠፋ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሰሌዳ እናነብና፣ መኪናው ኩርባውን ሳይታጠፍ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ቀድሞ መናገር ጨዋታችን ነበር። ለሦስት አሃዞቹን መደመር እንደሚበቃ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሰባትን ግን «እሱ ግትር ነው» ትለው ነበር።

ለማንኩሳ ሰው ታጭታ ሠርጓ ለጥር መቆረጡን የሰማሁ ዕለት አኮረፍኩ። ውዴ ኩርፊያዬን አይታ አንድ የሚያልፍ መኪና ጠቆመችኝ፤ ሰሌዳው 10007 ይላል። «የሚያካፍለውን ካገኘህልኝ አልሄድም» አለች እየሳቀች። መቶ ጊዜ መቶ አሥር ሺህ ስለሆነ ከመቶ በላይ መፈለግ እንደማያስፈልገኝም ነገረችኝ። ለእሷ ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን እንደ መሐላ ይዤው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮውን በር በከሰል እየጻፍኩ አጠቆርኩት። ለሰባት ሳካፍለው አራት ተረፈ፣ ለአሥራ ሦስት አሥር ተረፈ፤ ጥርም ደረሰ።

በሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ለሰባ ሦስት ሳካፍለው ምንም ሳይተርፍ አለቀልኝ። ውዴ እጇና እግሯ እንሶስላ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሚዜዎቿ መካከል ተቀምጣለች።

«ሰባ ሦስት!» ብዬ ገባሁ።

«የሙሽራው ዕድሜ ነው?» አለች አንዷ ሚዜ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ውዴ ግን አልሳቀችም። «እስኪ ጮክ ብለህ አካፍልልኝ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ፊቷ ቆሜ ከመጀመሪያው አካፈልኩ፤ መጨረሻ ላይ ስድስት ተረፈ። በሩ ላይ በከሰል የጻፍኩት የቁጥሩ መጨረሻ ሰባት ደብዝዞ አንድ መስሎኝ ነበር።

«ስድስት እኮ ትንሽ ናት፣ እታለም፤ ተያት» አልኳት።

«መተዉን እኔስ ጠልቼ ነው?» አለች፤ እንባዋም ወረደ። እጇ ስለታሰረ መጥረግ አልቻለችም፤ እኔ ስጠርግላት ጉንጯን ከሰል ቀባኋት፣ ሚዜዎቿም ሙሽራ አበላሸህ ብለው አባረሩኝ።

የቀሩትን ቁጥሮች እሷ ከሄደች በኋላ ሞከርኳቸው። ሰባ ዘጠኝም፣ ሰማንያ ሦስትም፣ ሰማንያ ዘጠኝም፣ ዘጠና ሰባትም አላካፈሉትም። እንዲህ ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር እንደሚባልና እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ተቆጥረው እንደማያልቁ ኋላ በራሴ አነበብኩ። ውዴ ማንኩሳ ደህና ናት፣ ወልዳለች፤ ስንደዋወል ስለ ማዳበሪያና ስለ ልጆቿ ጉንፋን እናወራለን። ዛሬ ስሳሳት ስልኬ በቅጽበት ያርመኛል። ስህተቴን እያየች፣ እውነት በሆነ ብላ ከእኔ እኩል የተመኘች ግን ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች።