ሸቡ ከመግባቱ በፊት

ባቲና ባሏ ኤሰንጉል ሲሞት አላለቀሰችም። እሷም አልደበቀችውም፣ መንደሩም አልደበቀላትም። አስከሬኑ ድንኳን ውስጥ እያለ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙራ፣ እንደ ኪርጊዝ ወግ ሙሾውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወረደች፤ አንድ ቃል አልሳተችም። ጉንጯ ግን ደረቅ ነበር። ለቀስተኛ ሴቶች እንዲህ ያለው ነገር አያመልጣቸውም፤ አንዷማ "ሬዲዮ የሰማሁ መሰለኝ" ብላ አረፈችው። ምላስ አጥንት የለውም ብሎ ማለፍ ነው እንጂ ምን ይደረጋል።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆነባት። ጥቁሯን ለብሳ ላሟን ታልባለች፣ ምድጃዋን ታነዳለች፣ ሲያናግሯት ትመልሳለች። የሚሰማት ነገር ቢኖር የጣቶቿ ሕመም ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሱፍ ስትጠቀጥቅና ወስፌ ስትገፋ ኖራ መገጣጠሚያዎቿ ያብጣሉ፤ ሲብስባት ጽዋ እንኳ አጥብቃ መያዝ ያቅታታል።

እነዚያ ጣቶች ደግሞ ለሙት ዓመቱ ድግስ አንድ ሺርዳክ መጨረስ ነበረባቸው። ሁለት ቀለም የተጠቀጠቀ ሱፍ ተቆርጦ፣ እርስ በርስ ተጋጥሞ የሚሰፋ ምንጣፍ ነው። ጠጉሩን ከበጎቹ ላይ የሸለተው ኤሰንጉል ነበር፤ የመጨረሻው ሸለታ። በሙት ዓመቱ እንግዶቹ ካልተቀመጡበት ያ ሱፍ ጓዳ ውስጥ ብል ይበላዋል።

የሺርዳኩ ቢጫ ቀለም የሚወጣው ከሽንኩርት ልጣጭ ነው። ልጣጩ በጎላ ይፈላል፤ ቀለሙን ሱፉ ላይ የሚያስይዘው ሸብ ከመጨመሩ በፊት አንድ ጽዋ ይቀዳና ባቲና ለእጇ ትጠጣዋለች። ሁልጊዜ የሚቀዳላት ኤሰንጉል ነበር። ሸቡ ከገባ በኋላ ውሃው የሱፍ እንጂ የሰው አይደለም።

በበጋው መጀመሪያ የኤሰንጉል ታናሽ እህት ዙራካን መጣች። የመንደሩ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። በኪርጊዝ ወግ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራምና፣ ባቲና ገና ከመጣችበት ዘመን ጀምሮ "ጠመኔ" ነው የምትላት። እሷም የወንድሟን ሚስት "ጄንጌ" ትላታለች።

"ጄንጌ፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ ዳቦ? ጠጥተሽለታል?"

"ረስቼ ሸቡን ጨመርኩት።"

"ባለፈውም ረስተሽ ነበር።"

"አርጅቻለሁ።"

"ልጣጩ ውስጥ ያለው ቢጫ ነገር ፍላቮኖይድ ይባላል። እብጠት ያበርዳል ይላሉ። ሸቡ ግን ጨምድዶ ይይዘውና ለሱፉ ያስረክበዋል፤ ላንቺ የሚተርፍሽ ሆድ ቁርጠት ነው።"

"ይላሉ? አላረጋገጡም?"

"ብዙውን የሞከሩት አይጥ ላይ ነው።"

"እንግዲያው ለአይጥ ስጪ።"

"አይጥ ሺርዳክ አይሰፋልኝማ።"

ባቲና አልሳቀችም። ዙራካን ግን ነገሩ ከነከናት። ባቲና ሻይ ላይ ጨው ረስታ አታውቅም፤ የማን ጥጃ መቼ እንደተወለደ የምትጠየቀው እሷ ናት። እንዲህ ያለች ሴት ጽዋውን ብቻ እየመረጠች እንዴት ትረሳለች?

ስለዚህ በሌላ ቀን ልጣጩ ሲፈላ አጠገቧ ተቀመጠች። ባቲና ጽዋውን አየችው። ሸቡንም አየችው። ከዚያ ሸቡን አንስታ ጎላው ውስጥ በተነችና ማማሰል ጀመረች።

"አልረሳሽም" አለች ዙራካን።

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

ባቲና ማማሰሏን አላቆመችም። "የሚያመኝ እጄ ብቻ ነው፣ ጠመኔ። ሌላው ሁሉ እንጨት ሆኗል። ወንድምሽ ሞቶ አንድ ቦታ እንኳ ካላመመኝ፣ እኔ ምኑ ሚስት ነኝ?"

ዙራካን እሳቱን ቆሰቆሰች። "ሺርዳኩስ?" አለች። ኤሰንጉል የሸለተው ሱፍ ሳይሰፋ ጥግ ላይ ተከምሯል፤ በዚያ እጅ ወስፌ አይገፋም።

በማግስቱ ዙራካን ከጎረቤት ልጣጭ ለቅማ መጣች፣ አፈላች፣ ሸቡ ከመግባቱ በፊት ቀድታ ሰጠቻት። ባቲና ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ የተከመረውን ሱፍ አየችው። ከዚያ ጠጣችው። በየማለዳውም እየጠጣች ሰነበተች። ልጣጩ ይሁን የበጋው ሙቀት፣ ያንን እግዜር ይወቀው፤ ብቻ እብጠቱ ጎደለ፣ መርፌውም ታዘዘላት። ሺርዳኩ ለሙት ዓመቱ ደረሰ።

በድግሱ ቀን ሽማግሌዎቹ ቢጫው ሺርዳክ ላይ ተደርድረው ሥጋቸውን እየበሉ የባለሙያዋን እጅ አመሰገኑ። ሴቶቹ ባቲናን ወደ ውስጥ አስገብተው ጥቁሯን አወለቁላት፤ ሐዘኗ በወጉ አበቃ ማለት ነው። ነጩን ሻሽ ልታስርላት የቀረበችው ዙራካን ነበረች።

"እጅሽስ?" አለቻት በጆሮዋ።

ባቲና ጣቶቿን ዘረጋች፣ ጨበጠች፣ እንደገና ዘረጋች።

"አያመኝም" አለች። "አሁን የትም አያመኝም።"

ዙራካን የሻሹን ጫፍ እንደያዘች እንባዋ መጣባት፤ ቋጠሮው አልታይ አላት። ባቲና ሻሹን ከእጇ ተቀበለችና ራሷ አሰረችው፤ ጣቶቿ አንዴም ሳይስቱ አጥብቀው ቋጠሩት።