ቅጽሩን ያጠረው የወፍ ቆሎ

ሉማሜ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ወደ ዲማ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ልቤን ወሰደው። ዙሪያው እርሻ ነው፤ ጤፉና ስንዴው እስከ ቅጽሩ ይዘራል። ከቅጽሩ ውስጥ ግን ጥዱም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም እንደ ጥንቱ ቆሟል። ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን ዛፍ እዚያ በእጃቸው ይነኩታል።

የደብሩ አለቃ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መጠየቅ የሚወዱ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን ከተሳለምኩ በኋላ ነፋስ የጣለውን ትልቅ ጥድ አሳዩኝ።

«ይኼ ሲወድቅ ምትኩን ብፈልግ አጣሁ» አሉ። «እዚህ ያለው ዛፍ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ልጅ የለውም። አንድ የጥድ ቡቃያ ሳላይ እንዳልሞት እፈራለሁ።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከዛፎቹ ሥር የተንሰራፋው የወፍ ቆሎ ነው፤ ያ ቢጫና ሮዝ አበባው ሲያዩት የሚያምረው ቁጥቋጦ። አንድ ምእመን ከደብረ ማርቆስ አምጥቶ ለማሳመር ብሎ መቃብር አጠገብ እንደተከለው ሰማሁ። ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስል ማስረዳት ጀመርኩ፤ ተክሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ባረፉበት ይጥሉታል፣ ጥላው ሥር ብርሃን ስለማይደርስ ሌላው ቡቃያ ይቀጭጫል። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር እንንቀለው አልኩ።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ዕቃ ቤት ሳቁ። «መምህር፣ ከሌላ አገር መጣ ብለህ ልታባርረው ነው? አለቃችንም እኮ የመጡት ከብቸና ነው!»

«ብቸና ባሕር ማዶ አይደለም» አልኩ።

«ዘመዶቻቸውን ብታይማ! እንደ ወፍ ቆሎው ቀበሌውን ሞልተውታል።»

አለቃው ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ከዚህ ቅጽር የበቀለ አይቆረጥም፤ ከቅጽሩም አይወጣም። የተወገዘ ነው።»

«ከነሥሩ ቢነቀልስ፣ አባ?»

«ምሳር ካልነካው፣ ከደጅም ካልወጣ… እሺ። ሲደርቅ ለደብሩ ማገዶ ይሆናል።»

በባዶ እጅ ለመንቀል መሬቱ መራስ ነበረበት። ስለዚህ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከተማሪዎቼ ጋር ገባንበት። እጃችን ተቧጨረ፤ ሽታው ልብሳችን ላይ ቀረ። የነቀልነውን ማውጣት ስለማይቻል በቅጽሩ ጠርዝ፣ የድንጋዩ ካብ በፈረሰበት በኩል፣ በረጅሙ ደረደርነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እኔም ክረምቱን ቤተሰቦቼ ዘንድ ደጀን ከረምኩ።

መስከረም ላይ ስመለስ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። «መምህር፣ እግዜር ይስጥልን! ምን የመሰለ አጥር ሠራህልን!»

የደረደርነው ሁሉ ሥር ሰዶ አብቦ ነበር። ማገዶ እንዲሆን እርጥብ መሬት ላይ ክረምቱን ሙሉ ትተነው፣ ለካ ተክለነዋል። ምእመናኑ ግን ደስ ብሏቸዋል። በፈረሰው ካብ በኩል ይገቡ የነበሩት ከብቶች መግባት አቁመዋል። ወደ ውስጥ ዘልቄ ባጸዳነው ቦታ ስንበረከክ፣ ጣት የምታህል የወይራ ቡቃያ አየሁ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቡቃያውን ያመጣው ብርሃኑ ነው ወይስ የከብቶቹ መቅረት? እኔ ስለ ጥላ ብቻ አስረድቼ ስለ ከብት ምንም አላልኩም ነበር። አሁን ደግሞ ደኑን ያፈነው ተክል ራሱ ደኑን እየጠበቀው ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ተከራከርን። «ፍሬ ሲይዝ ወፎቹ መልሰው ያስገቡታል፤ ልፋታችን ከንቱ ነው» አልኩ።

«ብንነቅለው ደግሞ ከብቱ ይገባል» አሉ ዕቃ ቤቱ። «በሬውን ለማገድ አንተ ትቆምልናለህ?»

ሰው ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቁም። «ካቡን እንሥራ» አሉ። «ድንጋዩ ወገብ በደረሰበት ልክ የወፍ ቆሎው ይነቀል። እስከዚያ መምህርና ልጆቹ አበባውን ፍሬ ሳይዝ ይልቀሙት። የሚነቀለውም መሬት አይንካ፤ ድንጋይ ላይ ሥሩ ወደ ሰማይ ዞሮ ይድረቅ።»

አጨዳው ካለቀ በኋላ ምእመናኑ በየቅዳሜው ድንጋይ እየተሸከሙ መጡ። ካቡ አሁን ግማሽ ደርሷል። እኛም በቀሪው በኩል አበባ እንለቅማለን፤ አንዱን ስንለቅም ሌላው ይፈነዳል። አንዱን ጥግ ሳላጸዳው፣ ከብት ግን እንዳይደርስበት አጥሬ ትቼዋለሁ፤ ጥላው ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ አለቃው መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ወይራዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው የአንዷን ቅጠል በጣታቸው ነኩ።

«ያምራል። ጥዱስ?»

«ጥድ ገና አላየሁም፣ አባ። ዘሩ ዘግይቶ ይበቅላል፤ ምናልባት…»

«ማስረዳቱን ኋላ» አሉኝና በመቋሚያቸው ገና ያልደረስንበትን ሣር አመለከቱ። «አንተ በዚያ በኩል ፈልግ። እኔ በዚህ እሄዳለሁ።»

ተንበርክኬ ሣሩን መግለጥ ጀመርኩ።