ክንዴ ለእናቱ ዘፈን ካሜራ ሲመርጥ

ክንዴ ከደባርቅ ርቆ ሄደ ከተባለ ጎንደር ድረስ ነው። ፊቱ ግን ያልደረሰበት አህጉር የለም። የስሜን ተራራን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ምግብ ሲያበስል ዕድሜውን ስለጨረሰ፣ ያልቀረጸው ፈረንጅ አይገኝም። ሽንኩርት ሲልጥ ተቀርጿል። ጢስ ሲያስነባው ተቀርጿል። አንድ ጊዜ ጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ ነጥቆት ሲያባርር የተቀረጸውን ያዩ ሰዎች፣ ዝንጀሮው ዘወር ብሎ ለካሜራው ጥርሱን ማሳየቱን ይመሰክራሉ። በእኛ ግምት ባሕር ማዶ የክንዴ ምስል የሌለበት ቤት ከተገኘ፣ ቤቱ ገና ጣራ አልለበሰም ማለት ነው።

በራሱ ቤት ግን የአንዲት ደቂቃ ቪዲዮ አልነበረውም። ልጆቹን በስልክ ይቀርጻል፤ ስልኩ ሞላሁ ይላል፤ ሲያጠፋ ሲያጠፋ የልጁ ክርስትና ይጠፋና የጠፋች በቅሎ ሲፈልግ ያነሣት ፎቶ ትቀራለች። እሱም ቢሆን አላስቸኮለውም ነበር፤ አምባራስ መንደር ያሉት እናቱ እማማ ታንጉት "ቆብ ልደፋ ነው" ባይሉት ኖሮ።

እማማ ታንጉት ያልዘፈኑበት ሠርግ አምባራስ ላይ እንደ ሠርግ አይቆጠርም። ግጥሙ ከየት እንደሚመጣላቸው እሳቸውም አያውቁም፤ ይመጣል፣ ይወጣል፣ አንዴ ያሉትን አይደግሙም። ሥጋ የሚያድለው ሰው ስስታም ከሆነ በሁለት ስንኝ ገፈው ይሰቅሉታል። አማቶች ተኮራርፈው ከተቀመጡ በሁለት ስንኝ ያሳስቋቸዋል። አሁን ግን ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል። እንዲህ ያለች ሴት በእኛ አገር ዓለም በቃኝ ብላ ትመነኩሳለች። የመነኮሰ ደግሞ ለዓለም ሞቷልና ጸሎተ ፍትሐቱ በቁሙ ይደረስለታል። ከዚያ ወዲያ ዘፈን የለ፣ ጭፈራ የለ።

"የጎረቤታችን ልጅ በጥር ትዳራለች" አሉት። "እሷን ዘፍኜ ልዳራት። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ቆቤን እደፋለሁ።"

"እማዬ፣ እንግዲያውስ ስትዘፍኚ ልቅረጽሽ። የልጅ ልጆችሽ ድምፅሽን ይስሙት።"

"ያን የፈረንጅ ዓይን ፊቴ ላይ ብትደቅንብኝ አፌን አልከፍትልህም። አንድ ቀን እንግዶችህ ደቅነውብኝ ግጥሙ እንደ አይጥ ጉሮሮዬ ውስጥ ተወሽቆ ቀረ።"

ክንዴ ቀርቦ መቅረጽ እንደማይቻል ገባው። በስልኩ ከሩቅ ሞከረ፤ እናቱ የተበተነ ሽሮ መስለው ወጡ። ስለዚህ ከሩቅ አቅርቦ የሚያይ፣ እውነተኛ ቪዲዮ ካሜራ ሊገዛ ቆረጠ። ስሕተቱ አሳቡን እኛ ከማንጠፋበት ጽጌሬዳ ቡና ቤት መጥቶ መናገሩ ነው።

ጽጌሬዳ ቡና ቤት ውስጥ ምክር በነጻ ይታደላል፤ የሚከፈልበት ሻዩ ብቻ ነው። ክንዴ "ካሜራ" ከማለቱ ወንበሮች ተሰባሰቡ። አስጎብኚው ታደለ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"ብሮ፣ አንተ የምትፈልገው ካምኮርደር ነው። ዋናው ሜጋፒክሰሉ ነው። ሜጋፒክሰል ከሌለው አትንካው።"

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ክንዴ።

ታደለ ሻዩን ፉት አለ። "ብዛት ነው። ዝም ብለህ ብዛቱን ጠይቅ።"

ጋሽ ልደቱ በሊማሊሞ ቁልቁለት ዕድሜ ልካቸውን አይሱዙ ሲያወርዱ የኖሩ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። በዓለም ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ በሞተር ይለኩታል። "ተወው የሱን ወሬ" አሉ። "ጉልበቱን ጠይቅ። ጉልበት የሌለው ነገር ዳገት ላይ ያዋርድሃል።"

"ጋሼ፣ ካሜራ እኮ ነው።"

"ካሜራስ ቢሆን? አምባራስ ዳገት አይደለም?"

በማግሥቱ በጨለማ የሚያይ ካሜራ መኖሩ ተወራ፤ ጉባኤው ያ ካልሆነ አይሆንም አለ። ክንዴ ሠርጉ በቀን ነው ቢል የሚሰማው አጣ። ቀጥሎ ውኃ ውስጥ የሚቀርጽ እንዳለ ተሰማና ግማሹ ቤት ወደዚያ ከዳ። ክንዴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጎ አስቀመጠው።

"እናቴን ነው የምቀርጸው! ዓሣ አይደሉም እናቴ!"

"እሱ ልክ ነው" አሉ ጋሽ ልደቱ ረጋ ብለው፤ "ግን ዝናብ ቢመጣስ?"

"በጥር?"

"ዘንድሮ ምን የማይመጣ አለ?"

እንዲህ እንዲህ እያለ ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ሚስቱ ስጦታ "አንተ ካሜራ እስክትመርጥ እማማ ይጸድቃሉ" አለችው። ሠርጉ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ዘሎ ወጣ። ዳባት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ታደለ ነው፤ በሜጋፒክሰል ጉዳይ አሳቡን ቀይሯል።

የጎንደሩ ሻጭ ሁለት ካሜራ አቀረበለት። ክንዴ ብቻውን መወሰን ፈርቶ ደወለልን። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው መካከል አስቀመጥነው፤ ባለቤቷ ጽጌሬዳም የማኪያቶ ማሽኗን አጠፋች። ለሌላ ሰው እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"አንደኛው ትንሽ ነው" አለ ክንዴ። "ከሩቅ የሚያቀርብበት ዙሙ መካከለኛ ነው፤ ግን ከዘፋኙ አጠገብ የሚቀመጥ ማይክ አብሮት አለ። ሁለተኛው ማይክ የለውም፤ ዙሙ ግን... ሰውዬው ጨረቃ ላይ ቁንጫ ያሳያል ነው የሚለው።"

"ቁንጫውን!" ብሎ ጮኸ ቤቱ።

"ማይኩስ?"

"ምን ልታደርግበት ነው?" አለ ታደለ። "የምርጫ ቅስቀሳ አለብህ?"

"ጉልበቱ የቱ ይበልጣል?" አሉ ጋሽ ልደቱ።

"የሁለተኛው።"

"እንግዲህ ምን ትጠይቀናለህ?"

ክንዴ ቁንጫ የሚያሳየውን ይዞ መጣ። ወዲያው ከበረንዳው ላይ ሞከርነው። ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ መኪና መጣ፤ ክንዴ አነጣጠረ፤ ሾፌሩ ጥርሱ ውስጥ ያለችው የቆሎ ፍንካች ታየች። አጨበጨብን። አንድ ሰው ይህን ካሜራ የያዘ ራስ ዳሸን ላይ ቆሞ የቀይ ባሕርን መርከቦች ሊቆጥር ይችላል አለ፤ የተከራከረው የለም።

የሠርጉ ዕለት ክንዴና ስጦታ አምባራስ ደረሱ። ክንዴ ለእናቱ ካሜራ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ ሆዴን አመመኝ ብሎ ከዳሱ ወጣ። ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ከዳሱ ትይዩ ያለው ተረተር ላይ ጓሳ ሣር ውስጥ በደረቱ ተኛ። ስጦታ ምግብ ይዛ ተከተለችው። ቦታው ነፋሱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ የሰው ጆሮ የሚቆርጥበት ነው።

ከቀትር በኋላ ሙሽሮቹ ወጡ፤ ከበሮው ተመታ፤ እማማ ታንጉት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ክቡ መካከል ገቡ። ክንዴ ዙሙን ሳበው። የእናቱ ፊት መስታወቱን ሞላው፤ ቅንድባቸው እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሰው በሳቅ ይወድቃል፤ እንደገና ይከፍታሉ፤ አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። ክንዴ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አንዲት እንቅስቃሴ አላመለጠችውም። በዚያው ለሚቀጥለው እንግዳ ምግብ ሊያበስል ስላለበት፣ ወደ ደባርቅ የሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈረ።

ካሜራውን ከቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኘው ታደለ ነው። ኳስ የሚያዩት ሰዎች ተቃውመው ነበር፤ ጽጌሬዳ ግን ኳሱን ቆረጠችባቸው። እማማ ታንጉት ግድግዳውን አክለው ብቅ ሲሉ ቤቱ አንድ ላይ "ወይኔ!" አለ። እንዲህ ያለ ጥራት ደባርቅ አይታ አታውቅም። እማማ ክቡን ዞሩ፣ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ አፋቸውንም ከፈቱ።

"ብርድ ገደለኝ፣ አንተ ሰውዬ" አሉ፤ በስጦታ ድምፅ።

ነፋሱ ሁሁሁ ይላል። እማማ ታንጉት እንደገና አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ።

"ክንዴ፣ ጎንበስ በል፤ ቂጥህ ከሣሩ በላይ ሆኗል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከበሮው ይመታል፤ የሚሰማው የክንዴ ትንፋሽ ነው። ሕዝቡ እልል ይላል፤ የሚሰማው ነፋስ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእማማ አንዲት ቃል የለችበትም። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ አለቀ፤ ክንዴ ብቻውን ሳይስቅ ቆሞ ነበር።

"ድምፁ የት አለ?" አለ። "ታዴ፣ የእናቴ ድምፅ የት አለ?"

ታደለ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ነፋሱ ጨመረ።

"ስለ ዓይኑ ከጥምቀት በፊት ጀምራችሁ አነታረካችሁኝ" አለ ክንዴ። "በጨለማ ያያል አላችሁ፣ በውኃ ያያል አላችሁ። ዘፈን በዓይን ነው የሚታየው? ከእናንተ መካከል ጆሮ ያለው አንድ ሰው የለም?"

ጋሽ ልደቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መቼም ጉልበቱ..." ብለው ጀመሩና የክንዴን ፊት ሲያዩ ሻያቸውን አማሰሉ።

ክንዴ እንግዶቹን ሸኝቶ አምባራስ ሲመለስ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነበር። እናቱን ለምኖ አንድ ስንኝ ሊያገኝ ነው የሮጠው። እሳቸው ግን የንስሐ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም ጋ ጸሎት ላይ ነበሩ፤ ሲወጡም "ሠርግ የት አለና ልዝፈን? ያለ ሠርግ የሚዘፍን እብድ ነው" ብለውት ገቡ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍትሐት ሲደረስላቸው ክንዴ አንዱን ዓምድ ተደግፎ አለቀሰ። ሰው በእናቱ መንፈሳዊነት ተነክቶ ነው አለ። ካሜራው ነው ያስለቀሰው።

ጾሙ አልፎ፣ ፋሲካም ተፈስኮ፣ ክንዴና ስጦታ እማሆይን ሊጠይቁ ሄዱ። ስማቸው አሁን እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነው። ክንዴ ምስሉን እንኳ ይዩት ብሎ ካሜራውን ይዞ ነበር፤ ከጎኑ የምትዘረጋውን ትንሽ መስታወት ከፍቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እማሆይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በጎን አዩት።

"እማሆይ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር ያሉት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ይህች ታንጉት ናት። ታንጉት ሞታለች፤ ፍትሐቷን ሰምተሃል።"

ክንዴ ተስፋ ቆረጠ። ስጦታ ግን ወደ መስታወቷ ተጠጋች። እማማ ታንጉት በምስሉ ላይ ቀና ብለው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው እያዩ አፋቸውን የሚከፍቱበት ቦታ ነበር።

"'የሙሽራዋ እናት' የሚሉ ይመስለኛል" አለች። "ከንፈራቸውን ገጠም አድርገው ነው የከፈቱት።"

"አይ፣ ሙሽራው ነው" አለ ክንዴ። "'ሙሽራው ሲያያት ዓይኑ ይቅበዘበዛል፣ የጎረቤት ጠላ ሰው ሁሉ ይጠጣል።'"

የእማሆይ መቁጠሪያ ቆመ። ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" አሉና እንደገና መቁጠር ጀመሩ።

"ወይም ደግሞ" አለ ክንዴ፣ "'ሙሽራዬ ሙሽራዬ አይክፋሽ ግድ የለም፣ ባልሽ ጥሩ ልጅ ነው፣ በጎች አሉት...'"

"ኧረ በሥላሴ!" አሉ እማሆይ። "ሟቿን አታሰድባት! ታንጉት ብዙ ኃጢአት ነበረባት፤ ቤት የማይመታ ግጥም ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።"

"እኛ ምን እናድርግ? የሚነግረን ሲጠፋ እኮ ነው።"

እማሆይ በሩን አዩ፤ መምሬ አለመኖራቸውን አረጋገጡ። መዝሙረ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ያለ ዜማ፣ በለሆሳስ ተናገሩ።

"የሞተ ሰው ቃል መመስከር ኃጢአት አይደለም። ታንጉት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያኔ ያለችው እንዲህ ነው፦

ከማዶ ተኝቶ ምን ያነጣጥራል፤
እናቱን ለማየት ልጄ ለምን ያፍራል።"

ስጦታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። በምስሉ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሆዱን ይዞ የሚስቀው በማን እንደነበር ክንዴ ገና አሁን ገባው።

"አይተውኛል? እያዩኝ ነው የዘፈኑት?"

"ከጓሳ ሣር መካከል ቂጥህ እንደ ጉልላት ቆሞ ማን ያጣሃል? ያን የፈረንጅ ዓይን ትተህ ቀርበህ ቢሆን ለአንተም ለብቻህ ትዘፍንልህ ነበር። የመጨረሻዋ ነበር እኮ።"

ክንዴ እዚያው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ካሜራውን ያዘ። ሊቀርጽ ቁልፉን ፈለገ፤ ካሜራው ግን ያለፈውን ለማሳየት ተጠምዶ የአሁኑን አልያዘም። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ ከእናቱ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ አንዲት ቃል አልሰማም።

"እማሆይ፣ ስለ እመብርሃን! አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ፤ እሱን ላጥፋና ላብራው!"

"አልዓዛርም የተነሣው አንድ ጊዜ ነው" አሉ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ወደ መቁጠሪያቸው ተመልሰው።

ክንዴ ትንሿን መስታወት ሊያጥፋት እጁን ሰደደ። የእናቱ እጅ ግን ቀድሞት የእሱን መዳፍ ወዲያ ገፋው።

"ማን ዝጋው አለህ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ከምስሉ ላይ ሳያነሡ። "ተዋት ትጨርስ፣ ምስኪን።"